አንድ ቅዳሜ፣ ብዙ ማክሰኞ

ጥር 16 ቀን 2007 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ጥምቀት ካለፈ አምስት ቀኑ ነው። አዲስ አበባ፣ በሰፈራችን ኳስ ማሳያ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ሌላ ጨዋታ እያየን፣ የቼልሲን ውጤት በስልክ እንከታተላለን። ቼልሲ በኤፍ ኤ ካፕ አራተኛ ዙር ብራድፎርድ ሲቲ የሚባል የሊግ ዋን ክለብ በሜዳው ያስተናግዳል። አንድ ለዜሮ። ሁለት ለዜሮ። እኛ ሰማያዊዎቹ፣ የቼልሲ ደጋፊዎች፣ ልባችን አረፈና ሻይ አዘዝን። ከዕረፍት በፊት ሁለት ለአንድ ሆነ፤ ከሻዩ ቀና ያለ የለም። ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ግን ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ «ሁለት ለሁለት» አለ።

«ማን አገባ?»

«ሞራይስ ይላል።»

«ሞራይስ ማነው?»

የሚያውቅ ጠፋ። የማድሪድን ተጠባባቂ በረኛ ስም ሳይቀር በቃሉ የሚያውቅ ሰው በሞላበት ቤት፣ ሞራይስን የሚያውቅ አንድ ሰው አልተገኘም። ጥቂት ቆይቶ ሦስት ለሁለት፤ በጭማሪው ሰዓት ደግሞ አራት ለሁለት። የፕሪምየር ሊጉን ሰንጠረዥ የሚመራው ክለብ፣ ሁለት እርከን ከሱ በታች በሚጫወት ክለብ በገዛ ሜዳው ላይ ተሸንፎ ከዋንጫው ተሰናበተ። ተናድጄ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስሙን ፈለግሁ። ፊሊፔ ሞራይስ። ፖርቱጋላዊ። የመስመር ተጫዋች። ዕድሜ 29። በወጣትነቱ የነበረበት ክለብ፦ ቼልሲ።

የቀጣን የራሳችን ልጅ ነበር።

ከዚያ ምሽት በኋላ ይህ ሰው ከሐሳቤ አልወጣም። በየዓመቱ የት እንደደረሰ አያለሁ። በብዛት ክለቡ ተቀይሮ አገኘዋለሁ። ባለፈው ኅዳር ለንደን አክስቴ ዘንድ የመሰንበት ዕድል ሳገኝ፣ ያለፈባቸውን ከተሞች በባቡር ሄጄ ላያቸው ወሰንኩ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አክስቴ ለንደን ከገባች ሃያ ዓመት አልፏታል። የምትተዳደረው አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። ኤጀንሲው ሲደውልላት አንድ ሳምንት ከከተማው ሰሜን፣ በሚቀጥለው ከደቡብ። ሐሳቤን ስነግራት ማዕድ ላይ ነበርን።

«ለኳስ ተጫዋች ብለህ ነው እዚያ ድረስ የምትንከራተተው?»

«ታዋቂ ተጫዋች አይደለም እኮ አክስትዬ።»

«ይባስ! ታዲያ ምን ሊያደርግልህ?»

አስረዳኋት። ከልጅነቱ ጀምሮ በሰው አገር፤ አንድ ዓመት እዚህ፣ ሁለት ዓመት እዚያ፤ ውሉ ሲያልቅ ሌላ ቦታ ፍለጋ፤ ጉልበቱ እስኪደክም እንዲሁ። የቆረሰችውን እንጀራ ይዛ አዳመጠችኝና «እንግዲህ ሠራተኛ ነዋ!» አለች። ከዚያ አጎረሰችኝ።

ሠራተኛ። ስለ ኳስ ስናወራ ይህን ቃል አንጠቀምበትም። ኮከብ እንላለን፣ አስማተኛ እንላለን፣ ደካማ እንላለን። ባቡር የተሳፈርኩት ይህን የአክስቴን ቃል ይዤ ነው።

መጀመሪያ ግን ስታምፎርድ ብሪጅ ሄድኩ፤ ፉልሃም ብሮድዌይ ከሚባለው የምድር ባቡር ጣቢያ ሲወጡ ጥቂት እርምጃ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በምስል የማውቀውን ግንብ በእጄ ነካሁት። ሞራይስ የተወለደው በኖቬምበር 1985፣ ከሊዝበን ብዙም በማትርቅ፣ ከቴጆ ወንዝ ማዶ ባለች ቤናቬንቴ በምትባል ከተማ ነው። ሜዳማ አገር ነው፤ ሩዝ የሚዘራበት፣ ኮርማና ፈረስ የሚረባበት። ከዚያ ተነሥቶ ለዚህ ክለብ የወጣት ቡድን መብቃት ቀላል ነገር አይደለም። ጆዜ ሞሪንሆ በ2004 ቼልሲን ሲረከብ ልጁ እዚሁ ነበር። በ2006 ለዋናው ቡድን አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ወጣ። ያ ቼልሲ በተከታታይ ሁለት ዓመት የሊጉ ሻምፒዮን የሆነ፣ በየቦታው ሁለት ሁለት የዓለም ኮከብ የተደረደረበት ቡድን ነው። እዚያ ቦታ ያጣ ልጅ ችሎታ ስለሌለው ነው ለማለት አልደፍርም። በር ላይ የደረሰው ወረፋው ረጅም በሆነበት ሰዓት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ የሲራራ ነጋዴ መንገድ ይመስላል። ከመውጣቱ በፊት በውሰት ሚልተን ኪንስ ዶንስ። ከቼልሲ ሲለቅ እዚያው ለንደን ሚልዎል። ከዚያ ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ የፐርዝ ከተማው ሴንት ጆንስተን፣ የኤዲንብራው ሂበርኒያን፣ በሰሜን ያለው ኢንቨርነስ። በ2010 ወደ እንግሊዝ ተመልሶ ኦልድሃም። በ2012 ስቲቨኔጅ። በ2014 ብራድፎርድ። ከብራድፎርድ ወዲያም ቦልተን፣ ክሮሊ፣ እንደገና ኦልድሃም፣ በመጨረሻም በ2021 በሰሜን ባሕር ጠረፍ ያለው ግሪምስቢ። የስሞቹን ዝርዝር በማስታወሻ ደብተሬ ስጽፍ አንድ ገጽ ሞላ።

ከኪንግስ ክሮስ ተነሥቶ ወደ ሊድስ የሚሄደው ባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ስቲቨኔጅን ያልፋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቦምብ ለተጎዳው የለንደን ሕዝብ መኖሪያ እንዲሆኑ ከታቀዱት አዳዲስ ከተሞች የመጀመሪያዋ ናት፤ በ1946። ክለቡም እንደ ከተማው አዲስ ነው፤ ወደ ሙያተኞቹ አራት እርከኖች የገባው በ2010 ነው። እነዚህ አራት እርከኖች በድምሩ 92 ክለቦች አሏቸው፤ ፕሪምየር ሊጉ 20፣ ከሱ በታች ያሉት ቻምፒዮንሺፕ፣ ሊግ ዋንና ሊግ ቱ እያንዳንዳቸው 24። እኛ አዲስ አበባ ሆነን የምናውቀው ሃያዎቹን ነው። ሰባ ሁለቱ ለኛ የሉም። ባቡሩ ጣቢያውን ለቅቆ ሲያልፍ ይህ ነገር አሳፈረኝ።

በነዚያ ሰባ ሁለት ክለቦች ውስጥ የተጫዋች ኑሮ የሚለካው በውል ነው። ውሎች የሚያበቁት በጁን መጨረሻ ነው። ሜይ ላይ፣ የመጨረሻው ጨዋታ ካለቀ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ክለቦቹ ሁለት ዓይነት ስም ያወጣሉ፤ የሚቆዩና የሚሰናበቱ። ለአንድ ዓመት የፈረመ ተጫዋች እንግዲህ ቤት ተከራይቶ፣ ልጁን ትምህርት ቤት አስገብቶ፣ ጎረቤት ለምዶ ሳይጨርስ ያ ወር ይመጣበታል። ጉልበቱን ከተጎዳ ደግሞ ወሩ የሚመጣው እያነከሰ ሳለ ነው። ክፍያው ከአንድ ተራ ሠራተኛ ይሻል ይሆናል፤ ግን የሥራው ዕድሜ ከሠላሳዎቹ አጋማሽ እምብዛም አያልፍም። ሞራይስ በዚህ ሁኔታ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቆይቷል። ይህን ሁሉ ጊዜ የሚፈልገው አሰልጣኝ አላጣም ማለት ነው። ክለብ የቀያየረን ተጫዋች «የትም የማይረጋ» ብለን ስንጠራ ኖረናል። እኔ አሁን በተቃራኒው አየዋለሁ፤ የትም ሄዶ እንጀራውን የሚያገኝ ሰው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ሊድስ ላይ ባቡር ቀይሬ ብራድፎርድ ፎርስተር ስኩዌር ደረስኩ። ካፊያ ይወርዳል። ብራድፎርድ ዳገታማ ከተማ ናት፤ ማር የመሰለ ድንጋይ፣ በጢስ የጠቆረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዓለም የሱፍ ንግድ ማዕከል የነበረች ናት፤ በማኒንግሃም ከፍታ ላይ ያለው የሊስተር ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ዛሬም ከየአቅጣጫው ይታያል። ፋብሪካዎቹ ሱፍ ማበጠር ካቆሙ ቆይተዋል። ሊሠሩባቸው የመጡ የፓኪስታን ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ግን ከተማዋን ከተማ አድርገው ይዘዋታል፤ በየመንገዱ የቅመማ ቅመም ሽታ፣ የጨርቅ ሱቅ፣ መስጊድ። ከሰው አገር መጥቶ በጉልበቱ ያደረ ሰው ባይተዋር የማይሆንባት ቦታ ናት አልኩ በሆዴ።

ቫሊ ፓሬድ ስታዲየም ከጣቢያው በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ነው፤ ዳገቱ ትንፋሽ ይቆርጣል። ጨዋታ በሌለበት ቀን የሄድኩት ሆነ ብዬ ነው። መጀመሪያ የቆምኩት ከኳስ ውጭ ለሆነ ነገር ነው። በሜይ 11 ቀን 1985 ብራድፎርድ የሦስተኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮንነቱን ሊያከብር እዚህ ከሊንከን ሲቲ ጋር ይጫወት ነበር። ከዕረፍት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ለዓመታት ቆሻሻ በተጠራቀመበት በአሮጌው የእንጨት ትሪቡን ሥር እሳት ተነሣ። በደቂቃዎች ውስጥ ትሪቡኑ ከዳር እስከ ዳር ነደደ። 56 ሰዎች ሞቱ። ዋንጫ ሊያዩ የመጡ አባቶች፣ አያቶች፣ ልጆች ናቸው። በስታዲየሙ መግቢያ የመታሰቢያ ሐውልት አለ። ቦርሳዬን አስቀምጬ ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

እዚያው ቆሜ ሳለ አንድ ሽማግሌ ዣንጥላ ይዘው መጡ። በከተማው ያሉ ደጋፊዎች ሲያልፉ እንዲህ ጎራ ማለት ልማዳቸው ነው መሰል። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ለምን እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ የሞራይስን ስም ጠራሁ። ፊታቸው ወዲያው በራ። ያን ቅዳሜ ስታምፎርድ ብሪጅ ነበሩ፤ ከእንግዳ ቡድኑ ደጋፊዎች መሀል። «አንተስ ማንን ትደግፍ ነበር?» አሉኝ። ልዋሻቸው አልቻልኩም። ቼልሲ አልኳቸው። ዣንጥላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዙረው በቀኛቸው ጨበጡኝ፤ ቶሎም አልለቀቁኝም። ከዚያ ጨዋታውን እዚያው ካፊያው ውስጥ ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ።

እኔም ከዚያ በፊት በቪዲዮ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ግን ሰው ሲያወራው ሌላ ነው። በ21ኛው ደቂቃ ካሂል፣ በ38ኛው ራሚሬስ፤ ሁለት ለዜሮ። የብራድፎርድ አሰልጣኝ ፊል ፓርኪንሰን ነበሩ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ክለብ በሊግ ቱ ሳለ አርሰናልንና አስቶን ቪላን አስጥለው ለሊግ ካፕ ፍጻሜ ዌምብሌይ ያደረሱ ሰው። በ41ኛው ደቂቃ ጆን ስቴድ አንዱን መለሰ። ስቴድ ከሃደርስፊልድ በውሰት የመጣ ነው፤ ብዙ ክለብ የዞረ። ፊት መስመር ላይ የተሰለፈው ጄምስ ሃንሰን ኳስን ሙሉ ሥራው ከማድረጉ በፊት ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይደረድር ነበር። ማርክ ዬትስ ከቶተንሃም ወጣት ቡድን የወጣ አየርላንዳዊ ነው። እንግዲህ ያን ቀን ሜዳ የገባው ሞራይስ ብቻ አይደለም፤ ከየትልቁ ቤት ደጃፍ የተመለሱ ሰዎች ቡድን ነው የገባው።

በ75ኛው ደቂቃ ሞራይስ አቻ አደረገ። ከሰባት ደቂቃ በኋላ አንዲ ሃሊዴይ ሦስተኛውን አገባ። ሞሪንሆ አዛርንና ፋብሬጋስን ከወንበር አስነሥተው አስገብተው ነበር፤ አልሆነም። በጭማሪው አራተኛ ደቂቃ ዬትስ አራተኛውን ጨመረ። ሽማግሌው እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ። አጠገባቸው የነበሩት ሰዎች ስም አልነገሩኝም፤ በእጃቸው ብቻ ወደ ሐውልቱ አመለከቱ። «አብረውን ነበሩ» አሉ።

ሞሪንሆ ከጨዋታው በፊት ለታችኛው ሊግ ክለብ መሸነፍ ውርደት እንደሚሆን ተናግረው ነበር። ከጨዋታው በኋላ ግን ወደ ብራድፎርድ መልበሻ ክፍል ሄደው ተጫዋቾቹን ጨብጠው እንኳን ደስ ያላችሁ ብለዋል። ያን ዓመት ሊጉንም ሊግ ካፑንም ያነሡት ቼልሲ ናቸው። እኔ ግን ያን የውድድር ዘመን ሳስብ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ይህ የመልበሻ ክፍል ነው፤ የሰቱባሉ ተወላጅና የቤናቬንቴው ተወላጅ፣ አንዱ የዓለም ዝነኛ አሰልጣኝ፣ ሌላው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከዚያው ግቢ የተሸኘ ልጅ፣ በእንግሊዝ ጥር ብርድ ተገናኝተው። ምን እንደተባባሉ ማወቅ አያስፈልገኝም።

ብራድፎርድ በአምስተኛው ዙር ሰንደርላንድን እዚሁ ቫሊ ፓሬድ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈ፤ በሩብ ፍጻሜው ከሬዲንግ ጋር ያለ ጎል ተለያይቶ በድጋሚው ጨዋታ 3 ለ 0 ተረታ። ይህ ክለብ ዋንጫውን በ1911 አንሥቶት ያውቃል። ያኔ አዲስ የተሠራው ዋንጫ የተቀረጸው እዚሁ ብራድፎርድ ባለ ፋቶሪኒ በተባለ ድርጅት ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸለመውም የራሱ ከተማ ክለብ ሆነ። የማሸነፊያዋን ጎል ያገባው ጂሚ ስፔይርስ በ1917 ቤልጂየም ውስጥ በጦር ሜዳ ወደቀ። ሽማግሌው ይህንንም የነገሩኝ ትናንት እንደሆነ አድርገው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። 1985 ለፖርቱጋል የኳስ ዓመት ነው። ሞራይስ ከመወለዱ ከወራት በፊት፣ በዚያው ዓመት፣ ክርስቲያኖ ሮናልዶ ተወለደ። በዚያው ዓመት ሰቱባል ላይ ጆዜ ሴሜዶ ተወለደ፤ ስፖርቲንግ ሊዝበን ውስጥ ከሮናልዶ ጋር ያደገ፣ ከዚያ ቻርልተን፣ ከዚያ ሼፊልድ ዌንስደይ ገብቶ በ2012 ከሊግ ዋን ወደ ቻምፒዮንሺፕ ባደገው ቡድን የደጋፊው ዓይን የሆነ አማካይ። ሦስቱም እንግሊዝ ሜዳ ላይ ላባቸውን አፍስሰዋል። ስለ አንዱ የተጻፈው ቤተ መጻሕፍት ይሞላል። ስለ ሁለቱ እዚህ ሰሜን እንግሊዝ መጥቶ ሽማግሌ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ኦልድሃም የደረስኩት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ሞራይስ ሁለት ጊዜ የተጫወተባት ከተማ በመሆኗ ሳላያት መመለስ አልፈለግሁም። ብራድፎርድ የሱፍ ከሆነች ኦልድሃም የጥጥ ናት፤ በጥሩ ዘመኗ በዓለም እንደሷ ጥጥ የሚፈተልበት ከተማ አልነበረም። ክለቡም ጥሩ ዘመን ነበረው፤ በ1992 ፕሪምየር ሊጉ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነው። በ1994 ወረደ። በ2022 ደግሞ ከ92ቱ ክለቦች ዝርዝር ራሱ ወጣ፤ ፕሪምየር ሊግ ተጫውቶ እዚያ ድረስ የወረደ የመጀመሪያው ክለብ ነው። በ2025 ታግሎ ወደ ሊግ ቱ ተመለሰ።

በታችኛው ሊግ ቅዳሜ ብቻ አይደለም የሚሠራው። የሳምንቱ መሀል ጨዋታ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞ ማታ። ቡድኑ በአውቶቡስ አራት ሰዓት ተጉዞ ይመጣል፣ በመብራት ይጫወታል፣ በዚያው ሌሊት ይመለሳል። ተጫዋቹ ቤቱ ሲደርስ ሌሊቱ ተጋምሷል። ሞራይስ በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ማክሰኞ ስንት እንዳሳለፈ ሳስብ፣ ያ የ75ኛው ደቂቃ ጎል የመጣው ከየት እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ። በሕይወቱ አንድ ጊዜ በስታምፎርድ ብሪጅ ሜዳ ላይ ኳስ እግሩ ሥር ስትመጣ እግሩ አልተንቀጠቀጠም። ማንም ባላየው ማክሰኞ ሁሉ ያንኑ ሲሠራ ነበርና።

ማታ ጨዋታ ላይ የገባሁበት የኦልድሃሙ ሜዳ፣ ባውንደሪ ፓርክ፣ በእንግሊዝ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ከተሠሩት ስታዲየሞች አንዱ ነው። የፔናይን ተራራ ነፋስ በልብስ አልፎ አጥንት ይነካል። ጓንት ስላልነበረኝ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ። ዝናቡ በመብራቱ ፊት ወደ ጎን ይሄዳል። ጎኔ አንድ አባት ከትንሽ ልጁ ጋር ተቀምጧል፤ ልጁ በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። ጨዋታው አላማረም፤ ኳሷ ጭቃ ይዛለች፣ ሁለቱም ቡድን ረጅም ይመታል፤ ከተመልካቹ ግን አንድም ሰው ተነሥቶ አልሄደም።

ከዕረፍት በኋላ አንድ ተቀያሪ የመስመር ተጫዋች ከፊታችን ባለው የሜዳ ጠርዝ ሰውነቱን ሊያሟሙቅ ወጣ። ወጣት አይደለም። ሩጦ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ያነሣል፣ እንደገና ይሮጣል። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ አደረገ። አሰልጣኙ አልጠራውም። እሱ ግን አንዱንም ሩጫ አላሳጠረም። በመጨረሻ ቁጥሩ ያለበት ሰሌዳ ወጣ፤ ማሊያውን ሱሪው ውስጥ አስገብቶ መስመሩ ላይ ቆመ።

«ማነው እሱ?» አልኩ ወደ አባትየው ዞሬ።

ሰውየው ስሙን ነገረኝ። የት እንደተወለደ ነገረኝ። ከዚያ ጓንቱን አወለቀና በጣቶቹ ክለቦቹን እየቆጠረ፣ አንድ ሳይዘል፣ እያንዳንዱ የት እንዳለና እዚያ ስንት ዓመት እንደቆየ ይነግረኝ ጀመር፤ አንድ እጁ ሲሞላ ልጁ ከብርድ ልብሱ ውስጥ እጁን አውጥቶ ዘረጋለት።